የጄኩዌሪን ፋይል ሳልነካ የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያ የጨመርኩበት መንገድ

ሌላ ሰው ሠርቶት እኔ እንድቀጥልበት የተሰጠኝ የአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም ነበር። አባላት ይመዘገቡበታል፣ ወርኃዊ ቁጠባ ይገባበታል፣ ብድር ይጠየቅበታል። ገጾቹ ጄኩዌሪ በሚባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ) የተሠሩ ናቸው፤ ቀን የሚሞላባቸው ቦታዎች በሙሉ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው የሚሞሉት። ኮዱን ስከፍት ቀድሞ ዓይኔ የገባው የጄኩዌሪው ፋይል ራሱ መነካካቱ ነው። ቀን የሚቀይሩት ፈንክሽኖች፣ የወሮች ስም ዝርዝር፣ ለአንድ ፎርም ብቻ የተጻፈ ማስተካከያ ሳይቀር ላይብረሪው መካከል ተሰግስገው ተጽፈዋል።

አይሠራም እንዳይባል ይሠራል። ጣጣው የሚመጣው ላይብረሪውን ለማደስ ሲፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጄኩዌሪ 3.4.0 «ኤክስቴንድ» በሚባለው ፈንክሽን ላይ የነበረ የደኅንነት ክፍተት ዘግቷል። በ2020 የወጣው 3.5.0 ደግሞ ገጽ ውስጥ ኤችቲኤምኤል የሚከትቱት ሜተዶች (የጄኩዌሪ ኦብጀክት ፈንክሽኖች) ላይ የነበረውን አስተካክሏል። ማኅበሩ የሰው ገንዘብ የሚይዝ ነውና እነዚህን ማስተካከያዎች ማግኘት ነበረበት። ነገር ግን አዲሱን ፋይል አምጥቶ በአሮጌው ቦታ የሚተካ ሰው ለማኅበሩ የተጻፈውን ሁሉ አብሮ ይጥላል። ስለዚህ የተጨመረውን አንድ በአንድ ለቅሜ ወደ ፕለጊን፣ ማለትም ከላይብረሪው ውጭ ሆኖ ችሎታ ወደሚጨምርለት ኮድ፣ አወጣሁት። እንዲህ ያለ ሲስተም እጁ ላይ ያለ ሰው ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ የሄድኩበትን መንገድ ልንገራችሁ። ኮድ ገልብጣችሁ እንድትለጥፉ ሳይሆን አሠራሩ ገብቷችሁ የራሳችሁን እንድትጽፉ ስለምፈልግ ሁሉንም በቃል ነው የማስረዳው።

«በዚህ ዘመን ጄኩዌሪ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። አዲስ ሥራ ከባዶ የሚጀምር ሰው ሌላ ቢመርጥ አልከራከረውም። ግን ጆን ሬሲግ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ካደረገው ወዲህ ስንቱ የመሥሪያ ቤት ሲስተም፣ ስንቱ የዎርድፕሬስ ገጽ በእርሱ ላይ ቆሟል! እነዚያን አፍርሶ እንደገና የሚሠራበት በጀት ያለው ደንበኛ እኔ አላጋጠመኝም። ቀላልም ነው፤ የተጨመቀው ፋይል ሲተላለፍ 30 ኪሎባይት አካባቢ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቢሮ ውስጥ ከውጭ ሰርቨር ከመጥራት ይልቅ እዚያው የራሳችሁ ሰርቨር ላይ ብታስቀምጡት ይሻላል።

አሁን ወደ አሠራሩ። በጄኩዌሪ ገጹ ላይ ያለ ኤለመንት (ሳጥን፣ አዝራር፣ ጽሑፍ) ስትመርጡ የሚመለስላችሁ ኤለመንቱ ብቻውን አይደለም፤ በጄኩዌሪ ኦብጀክት ተጠቅልሎ ነው። ያ ኦብጀክት መደበቅን፣ ማሳየትን፣ ክላስ መጨመርን የሚያውቀው ከፕሮቶታይፑ፣ ማለትም ሜተዶቹ ከተቀመጡበት የጋራ ቦታ፣ ስለሚወርሰው ነው። ጄኩዌሪ ይህንኑ ፕሮቶታይፕ «ኤፍኤን» በሚል አጭር ስም ለማንም ክፍት አድርጎ አስቀምጦታል። የጄኩዌሪ አጭር መጠሪያ በሆነው በዶላር ምልክቱ ሥር ባለው ኤፍኤን ላይ በአዲስ ስም አንድ ፈንክሽን ካስቀመጣችሁ፣ ከዚያ በኋላ በገጹ ላይ የሚመረጥ ኤለመንት ሁሉ ያንን ሜተድ ያውቀዋል። ፕለጊን ማለት ይኸው ነው። የላይብረሪው ፋይል ሳይከፈት፣ ከውጭ፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው በተዉት በር መግባት።

የኔን ፕለጊን «ኢትቀን» አልኩት። ስሙን አንድ ብቻ ማድረጌ ሆን ብዬ ነው። ቀን መቁጠሪያውን ለመክፈት አንድ ስም፣ ለመዝጋት ሌላ፣ ቀኑን ለማንበብ ሦስተኛ ስም እየተባለ ኤፍኤን ላይ ከተደረደረ ውሎ አድሮ ከሌላ ሰው ፕለጊን ጋር መጋጨቱ አይቀርም። ስለዚህ ያው አንድ ሜተድ ኦብጀክት ሲሰጠው ቅንብር ነው ብሎ ይጀምራል፤ «ክፈት» ወይም «አንሳ» የሚል ጽሑፍ ሲሰጠው ደግሞ ያንን ትእዛዝ ይፈጽማል። በጄኩዌሪ ላይ የተሠራው የገጽ መሣሪያዎች ስብስብ፣ ጄኩዌሪ ዩአይም፣ የሚከተለው ይህንኑ ነው።

ሙሉው ኮድ እዚያው በተጻፈበት በሚጠራ ፈንክሽን ውስጥ ይጠቀለላል፤ ለፈንክሽኑ ጄኩዌሪ በሙሉ ስሙ ይሰጠውና ውስጥ ላይ በዶላር ምልክት ይቀበለዋል። ይህ ለወግ የሚደረግ አይደለም። ዎርድፕሬስ ጄኩዌሪን የሚጭነው የዶላር ምልክቱን ለሌላ ላይብረሪ ለቆ ነው፤ እዚያ ገጽ ላይ በዶላር የሚጀምር ኮድ እንዳለ ብትከቱ ዶላር የሚባል ነገር አይታወቅም ይላችኋል። ከተጠቀለለ ግን ውጭ ላይ ዶላር የማንም ይሁን የማን፣ ውስጥ ላይ ጄኩዌሪ ነው። ከጥቅሉ በፊት አንዲት ሴሚኮለን (;)፣ ማለትም በጃቫስክሪፕት ዓረፍተ ነገር የሚዘጋበትን ምልክት፣ ማስቀመጥም ጥሩ ልማድ ነው። ፋይሎች አንድ ላይ ተጣብቀው ሲጨመቁ ከፊት ያለው ፋይል ሳይዘጋ የቀረ ከሆነ የእናንተ ጥቅል የእርሱ ቀጣይ ተደርጎ እንዳይነበብ ያድናችኋል።

ጀማሪዎችን ሁሉ ግራ ሲያጋባ የማየው «ዚስ» የሚለው ቃል ነው። በፕለጊኑ ፈንክሽን ውስጥ ዚስ የተጠቀለለው የጄኩዌሪ ኦብጀክት ነው፤ ስለዚህ እንደገና በዶላር መጠቅለል አያስፈልግም። «ኢች» ብላችሁ በተመረጡት ኤለመንቶች ላይ አንድ በአንድ ስትዞሩ ግን በውስጥ ያለው ዚስ ራቁቱን ያለ ኤለመንት ነው፤ እዚያ መጠቅለል ያስፈልጋል። ኢች የግድ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ፎርም ላይ የልደት ቀን፣ የምዝገባ ቀን፣ ብድር የሚመለስበት ቀን አለ፤ የተጠራው ፕለጊን አንድ ጊዜ ቢሆንም ሦስቱም የየራሳቸው ቀን መቁጠሪያ ሊኖራቸው ይገባል። ከኢች የሚመለሰውን መልሳችሁ ስትመልሱ ደግሞ ተጠቃሚው ከእናንተ ሜተድ ቀጥሎ ሌላ ሜተድ በነጥብ መቀጠል ይችላል። ይህን የረሳ ፕለጊን የሌላውን ሰው ኮድ መካከል ላይ ይቆርጠዋል። የተመረጠ ኤለመንት ከሌለ ኢች ምንም ሳያደርግ ስለሚያልፍ፣ ያንኑ ፋይል ቀን በሌለበት ገጽ ላይም ያለ ስጋት መጫን ይቻላል።

ቅንብሩን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፦ ነባሪ ቅንብሮቻችሁን ፕለጊኑ ውስጥ አትቆልፏቸው። በፕለጊኑ ስም ሥር «ዲፎልትስ» ብላችሁ ውጭ ላይ አውጧቸው። ከዚያ ስትጀምሩ ባዶ ኦብጀክት፣ ነባሪውን፣ ቀጥሎ ተጠቃሚው የሰጠውን በዚህ ቅደም ተከተል በኤክስቴንድ ታዋህዳላችሁ። ባዶው ኦብጀክት መጀመሪያ ላይ መሆኑ ዋና ነገር ነው፤ እርሱ ካልኖረ የአንዱ ፎርም ምርጫ ነባሪውን ለውጦ በሌላው ፎርም ላይ ይታያል። የወር ስሞች ዝርዝር፣ የሳምንቱ ቀናት፣ የሚፈቀደው ዝቅተኛና ከፍተኛ ዓመት፣ ሁሉም የኔ ነባሪ ውስጥ ናቸው። ቆይቶ ማኅበሩ ገጹን በአፋን ኦሮሞ ሲከፍት የወር ስሞቹን ያስገባው ሌላ ባለሙያ ነው። የጻፈው በራሱ ፋይል ውስጥ አንድ ዝርዝር ብቻ ነው፤ የኔን ፋይል መክፈት አላስፈለገውም።

አሁን ወደ ቀኑ ስሌት ልግባ፤ ልብ ማለት የሚያስፈልገው እዚህ ነው። ስሌቱን ፕለጊኑ ውስጥ አላስገባሁትም። ጄኩዌሪ ስለሚባል ነገር ምንም የማያውቁ፣ ቁጥር ተቀብለው ቁጥር የሚመልሱ ሁለት ፈንክሽኖች አድርጌ ለብቻቸው አስቀመጥኳቸው። ፕለጊኑ የሚሠራው ከተጠቃሚው መቀበልና ማሳየት ብቻ ነው። ነገ ጄኩዌሪ ቀርቶ ሌላ ቢመጣ ስሌቱ እንዳለ ይሄዳል።

የኢትዮጵያን ቀን ወደ ተከታታይ የቀን ቁጥር የምቀይረው እንዲህ ነው። ከዓመቱ 1 ቀንሼ በ365 አባዛለሁ። ዓመቱን ለ4 አካፍዬ ቀሪውን በመተው ድርሻውን እደምራለሁ። ከወሩ 1 ቀንሼ በ30 አባዝቼ፣ ከቀኑም 1 ቀንሼ እደምራለሁ። በመጨረሻ 1724221 እጨምራለሁ፤ ይህ መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. የሚውልበት የጁሊያን የቀን ቁጥር (ቀናትን ከጥንት ጀምሮ በተከታታይ የሚቆጥር ቁጥር) ነው። መስከረም 1 ቀን 2016ን እንሞክር፦ 2015 በ365 ሲባዛ 735475፣ 2016 ለ4 ሲካፈል 504፣ ወሩና ቀኑ ዜሮ፣ 1724221 ሲጨመር 2460200 ይመጣል። ብራውዘሩ ጊዜን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ነው፤ የዚያ ዕለት የጁሊያን ቁጥር 2440588 ስለሆነ ስንቀንሰው 19612 ቀን ይቀራል። ይህን በ86400000 ሚሊሰከንድ አባዝታችሁ ለብራውዘሩ የቀን ኦብጀክት ብትሰጡት ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ይላችኋል። ትክክል ነው፤ የ2016 እንቁጣጣሽ የዋለው ያን ዕለት ነው።

ብዙ ሰው በአቋራጭ «ሴፕቴምበር 11 ሁልጊዜ መስከረም 1 ነው» ብሎ ይጀምርና ከዚያ ተነሥቶ ቀን ይደምራል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስትሆን እንቁጣጣሽ ወደ ሴፕቴምበር 12 ይገፋል። ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከቀረ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ 2015 እንዲያ ነበር። የቀድሞው ኮድ ጳጉሜን 6 የሚባል ቀን ጨርሶ አይቀበልም ነበር። በዕለቱ ቁጠባ ሊገቡ የመጡ አባላት ገንዘባቸው በጳጉሜን 5 እንደተመዘገበ ከመዝገቡ አይቻለሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ሌላ ምርጫ አልነበራትም፤ ፎርሙ «ትክክለኛ ቀን ያስገቡ» እያለ ይመልሳታል። ትክክለኛውን ቀን ያስገባችው ግን እርሷ ነበረች።

ወደ ኋላ፣ ማለትም ከቀን ቁጥር ወደ ኢትዮጵያ ቀን ስትመልሱ ሌላ ወጥመድ አለ። 4 ዓመት 1461 ቀን ነው፤ ያንን ካካፈሉ በኋላ የተረፈውን በ365 ማካፈል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን 366 ቀን ያለው ከአራቱ ሦስተኛው ዓመት ነው፤ የመጨረሻው አይደለም። በደፈናው በ365 ካካፈላችሁ ጳጉሜን 6 የሚቀጥለው ዓመት መስከረም 1 ትሆንባችኋለች። እኔ የመረጥኩት ዓመቱን ገምቼ፣ የዚያን ዓመት መስከረም 1 በፊተኛው ፈንክሽን አስልቼ፣ ከያዝኩት ቀን ከበለጠ አንድ ዓመት መቀነስን ነው። ከተራቀቀ ቀመር ይልቅ ይህን የመረጥኩት ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው አንብቦ ወዲያው እንዲገባው ነው።

ከዚህ ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ ግን አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ጨርሶ የማይታየው ነው። ማኅበሩ በአሜሪካ የሚኖሩ አባላት አሉት። ሰርቨሩ ቀኑን በፈረንጁ አቆጣጠር ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሰረዝ ተለይተው፣ ሰዓት ሳይኖረው ይልካል። ብራውዘር እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲሰጠው የዩቲሲ፣ ማለትም የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ እኩለ ሌሊት አድርጎ ነው የሚያነበው። የሴፕቴምበር 12 ቀን 2023ን ጽሑፍ አዲስ አበባ ላይ ብታነቡት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል፤ ቀኑ ግን ያው ነው። ዋሽንግተን በዚያ ወቅት ከዩቲሲ 4 ሰዓት ወደ ኋላ ነች፤ ስለዚህ እዚያ ያለ ብራውዘር ከዋዜማው ምሽት 2 ሰዓት ያደርገዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀየር መስከረም 1 ቀን 2016 የነበረው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሆነ ማለት ነው። ቀኑ ብቻ አይደለም፤ ዓመቱም ዘመኑም ተቀየረ፤ በዓመት የሚሰላው ወለድም አብሮ ተዛባ። አባሉ ስልክ ደውለው ሲያስረዱ እዚህ ያለው ሠራተኛ የራሱን ስክሪን እያየ «የለም ጋሼ፣ እኔ ጋ መስከረም 1 ነው የሚለው» ይላቸዋል። ሁለቱም የሚያዩትን ነው የተናገሩት።

መፍትሔው ቀንን እንደ ሰዓት አለመያዝ ነው። የልደት ቀን፣ የምዝገባ ቀን ሰዓት የላቸውም። ስለዚህ በስሌቴ ውስጥ የአካባቢ ሰዓት የሚባል ነገር የለም፤ ቀኑን የምሠራው በዩቲሲ፣ የማነበውም «ዩቲሲ» የሚል በስማቸው ውስጥ ባላቸው ሜተዶች ብቻ ነው። በአንድ ቀን ላይ 24 ሰዓት እየደመሩ መሄድም በአካባቢ ሰዓት ከሆነ አደጋ አለው፤ አሜሪካና አውሮፓ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚያዛውሩ 23 ወይም 25 ሰዓት ያለው ቀን ያጋጥማል። እኛ አገር ሰዓት ስለማይዛወር ችግሩ እዚህ በሙከራ አይወጣም። ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ የክሮም ማበልጸጊያ መስኮት ውስጥ ሴንሰርስ በሚለው ሥር የአካባቢውን የሰዓት ክልል መቀየር ትችላላችሁ። እኔ አዲስ ገጽ ባወጣሁ ቁጥር በሎስ አንጀለስ ሰዓት አንድ ጊዜ ሳልከፍተው አላልፍም።

ፕለጊኑ ፎርሙ ላይ የሚሠራውም በዚሁ ሐሳብ ነው። ተጠቃሚው የሚያየው ሳጥን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታያል፤ ከጀርባው ግን የተደበቀ ሌላ ሳጥን አለ፤ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው በዚያ ውስጥ ያለው የፈረንጁ ቀን ነው። የፊልዱን ስም ከሚታየው አንሥቼ ለተደበቀው እሰጠዋለሁ፤ በዚህ ምክንያት የሰርቨሩ ኮድ ምንም አልተነካም፤ ፕለጊኑ መኖሩንም አያውቅም። በእጅ መጻፍ ለሚመርጡ ደግሞ የወሩን ስም እቀበላለሁ። እዚህ ላይ ሰው እንደለመደው ነው የሚጽፈው፤ ኅዳርንም ህዳርንም፣ ሐምሌንም ሀምሌንም፣ ጳጉሜንም ጳጉሜም። ከማነጻጸሬ በፊት ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰባቸው አመጣቸዋለሁ። ሰውየው ፊደል ስቷል ብሎ ፎርም የሚመልስ ሲስተም እኔ አልሠራም።

ቀኑ ሲመረጥ ለሌላው ኮድ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ብድር የሚመለስበት ቀን ሲለወጥ የወር ክፍያው እንደገና ይሰላል። ተፈጥሯዊው መንገድ የጄኩዌሪውን «ትሪገር» በመጠቀም የቼንጅ ኢቨንት (ሳጥኑ ተለወጠ የሚል ማሳወቂያ) መቀስቀስ ይመስላል። ልብ በሉ፦ በትሪገር የተቀሰቀሰ ቼንጅ በጄኩዌሪ የተመዘገቡትን አድማጮች ብቻ ነው የሚደርሰው፤ ያለ ጄኩዌሪ፣ በብራውዘሩ በራሱ «አድ ኢቨንት ሊስነር» የተመዘገበ ኮድ አይሰማውም። ኢቨንቱን በብራውዘሩ «ዲስፓች ኢቨንት» ሳጥኑን ወደ ያዙት ኤለመንቶች ከፍ ብሎ እንዲወጣ አድርጋችሁ ከላካችሁት ግን ሁለቱም ይሰሙታል። የክፍያ ማስያው በሌላ ባለሙያ ያለ ጄኩዌሪ የተጻፈ ስለነበር ይህን ሳላደርግ ሁለቱ መነጋገር አይችሉም ነበር።

ሌላው ጉዳይ ማንሣት ነው። ፕለጊን ስትጽፉ ሰው ሁሉ መጀመርን ያስባል፤ መጨረስን የሚያስብ ጥቂት ነው። በዚህ ሲስተም የብድር ፎርሙ በብቅ ባይ መስኮት ይከፈታል፤ በተከፈተ ቁጥር ይዘቱ ከሰርቨር አዲስ ይመጣል፤ ፕለጊኑም እንደገና ይጠራል። ቀን መቁጠሪያው ክፍት እያለ ሰው ሌላ ቦታ ሲጫን እንዲዘጋ ጠቅላላው ገጽ ላይ አንድ የክሊክ አድማጭ ያስፈልጋል። ጄኩዌሪ በራሱ ሜተዶች ኤለመንት ሲያነሣ ኤለመንቱ ላይ ያሉትን አድማጮችና ዳታ አብሮ ያጸዳል፤ እናንተ ጠቅላላው ገጽ ላይ ያስቀመጣችሁትን ግን አይነካም። ሠራተኛዋ ጠዋት የከፈተችውን ገጽ ሳትዘጋ ሙሉ ቀን ብድር ስታስተናግድ አድማጩ እየተደራረበ ይሄዳል፤ ከሰዓት በኋላ ላይ «ኮምፒውተሩ ደከመው» ይባላል። ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም።

ስለዚህ ሁሉንም ኢቨንቶች ስመዘግብ ከኢቨንቱ ስም ቀጥዬ በነጥብ የፕለጊኑን ስም አስከትላለሁ፤ ለእያንዳንዱ ሳጥን ደግሞ የራሱ መለያ ቁጥር እጨምርበታለሁ። «አንሳ» ሲባል በዚያ ስም የተመዘገቡትን ብቻ በ«ኦፍ» አወጣለሁ፤ የሌላ ሰው አድማጭ አይነካም። ከዚያ የተደበቀውን ሳጥን አጠፋለሁ፣ የፊልዱን ስም ለባለቤቱ እመልሳለሁ፣ በ«ዳታ» ያስቀመጥኩትን እደመስሳለሁ። ገጹ ፕለጊኔ ከመምጣቱ በፊት እንደነበረ ይሆናል። በዳታ ያስቀመጥኩት የዚያን ሳጥን ሁኔታ ነው፤ ፕለጊኑ ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ እዚያ ውስጥ የራሱን ካገኘ አዲስ አይፈጥርም።

ከሰርቨር የሚመጣ ማንኛውም ጽሑፍ፣ የበዓል ስምም ቢሆን፣ ገጹ ላይ የምከተው በ«ቴክስት» ነው፤ በ«ኤችቲኤምኤል» አይደለም። የበዓሉን ስም የሚያስገባው የማኅበሩ ሠራተኛ ስለሆነ ይታመናል የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ፕለጊን ግን ነገ ማን እንደሚጠቀምበት አይታወቅም።

«ፈንክሽን አይደለም» የሚለውን ቀይ መልእክት ኮንሶል (የብራውዘሩ የስሕተት ማሳያ) ላይ ስታዩ ኮዳችሁን ከመፈተሻችሁ በፊት ገጹ ላይ ስንት ጄኩዌሪ እንደተጫነ ቁጠሩ። ፕለጊኑ የሚጣበቀው እርሱ ሲጫን በነበረው ጄኩዌሪ ላይ ነው። ከእርሱ በኋላ ሌላ የገጽ ማስዋቢያ የራሱን ጄኩዌሪ ይዞ ከመጣ ስሙን ይወርሰዋል፤ የእናንተ ሜተድ በፊተኛው ላይ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሰዓታት የሚያጠፋበት ይህ ነው።

የስልክ ቁጥር ማረጋገጫውንም በዚሁ መንገድ ነው ከላይብረሪው ያወጣሁት። ሲስተሙ ጄኩዌሪ ቫሊዴሽን የሚባለውን ፕለጊን ይጠቀማል፤ እርሱም በተራው «አድ ሜተድ» የሚል የራሱ በር አለው። ስም፣ የሚያረጋግጥ ፈንክሽንና የስሕተት መልእክት ትሰጡታላችሁ፤ በቃ። ፈንክሽኑ መጀመሪያ ላይ ፊልዱ በግዴታ የማይሞላ ከሆነ ባዶውን እንዲያሳልፍ «ኦፕሽናል» የሚለውን መጠየቅ አትርሱ። የቀድሞው ኮድ በ09 የሚጀምረውን ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 እ.ኤ.አ. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር ያላቸው አባላት መመዝገብ አቅቷቸው ነበር። አሁን ሁለቱንም፣ በ251 የሚጀምረውንም ይቀበላል።

በሌሎች ላይብረሪዎችም ሐሳቡ ይኸው ነው፤ የሚለየው የበሩ ስም ነው። ዴይጄኤስ የምትባለው ትንሽ የቀን ላይብረሪ «ኤክስቴንድ» ስትሏት ቅንብሩን፣ ክላሷንና ራሷን ለፈንክሽናችሁ አሳልፋ ትሰጣለች። የገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ በሆነው ቩ 3 ላይ «ኢንስቶል» የሚል ሜተድ ያለው ኦብጀክት ሠርታችሁ ለአፕሊኬሽኑ በ«ዩዝ» ታስረክባላችሁ። ስሌቱን ለብቻው ያስቀመጠ ሰው ለእነዚህ የሚጽፈው ጥቂት መስመር ነው።

ሙከራውን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የዛሬዎቹ ብራውዘሮች «ኢንትል» በሚባለው ክፍላቸው ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍ ይችላሉ፤ «ኢቲዮፒክ» የሚለውን የቀን መቁጠሪያ መጠየቅ ነው። ለማሳየት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ፕለጊንም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ተጠቃሚው የጻፈውን አንብቦ ወደ ፈረንጁ መቀየር ግን ኢንትል አይችልም፤ የእርሱ ሥራ ማሳየት ነው። እኔ የተጠቀምኩበት እንደ ምስክር አድርጌ ነው፦ ከ1900 እስከ 2100 እ.ኤ.አ. ያለውን እያንዳንዱን ቀን በኔ ፈንክሽንም በኢንትልም አስቀይሬ፣ የሰዓት ክልሉን ዩቲሲ አድርጌ፣ ልዩነት ካለ እንዲጮኽ አደረግኩ። ከዚያ በላይ በዓይኔ የማረጋግጣቸው አሉ። ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 ታኅሣሥ 29 መሆን አለበት፤ ጃንዋሪ 7 ቀን 2024 ግን ከዘመነ ሉቃስ ማግሥት ስለሆነ ታኅሣሥ 28 ነው፤ የ2016 ገና በ28 የተከበረውም ለዚህ ነው። ከ2100 ፌብሩዋሪ በኋላ ደግሞ የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት በአንድ ቀን ይሰፋል፤ 2100 በፈረንጁ 366 ቀን የለውም፤ የእኛ ግን በየ4 ዓመቱ አያቋርጥም። የ30 ዓመት የቤት ብድር ዛሬ የሚያሰላ ሲስተም እዚያ አይደርስም፤ ቢሆንም በቀን ቁጥር የሚሠራ ስሌት ይህን ያለ ምንም ተጨማሪ ኮድ ይይዘዋል።

ለሌላው ለማካፈል ስታስቡ ቦታው ኤንፒኤም፣ የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች የሚቀመጡበት የጋራ መዝገብ፣ ነው። የጄኩዌሪ የራሱ የፕለጊን መዝገብ አዲስ ነገር መቀበል ካቆመ ቆይቷል፤ አሁን ፓኬጁ ላይ የጄኩዌሪ ፕለጊን መሆኑን የሚገልጸውን ቁልፍ ቃል ማስቀመጥ ነው። ጄኩዌሪን ፓኬጃችሁ ውስጥ ይዛችሁ አትምጡ፤ ተጠቃሚው ያለውን እንዲጠቀም እንደ አቻ ጥገኛ (ፒር ዲፔንደንሲ) መዝግቡትና ከየትኛው እስከ የትኛው ቅጂ እንደሞከራችሁት ጻፉ። ማብራሪያውን በአማርኛም ጻፉለት፤ ከላይ ያስቀመጥኳቸውን የሙከራ ቀኖችም ከነመልሳቸው ጨምሩበት፤ የእናንተን ኮድ የሚወስድ ሰው በራሱ ብራውዘርና በራሱ የሰዓት ክልል ወዲያው ያረጋግጥበታል።